ደረቅ መንገድ ላይ የተሰጠ ዋስትና

የእህቴ ባል የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ነበር። እኔ ጋሼ ነው የምለው፤ የፈተና ግቢው ሰው ግን «ሁለተኛው ፍሬን» ይለው ነበር። የፈተና መኪና ከተፈታኙ ሌላ በፈታኙም እግር ሥር ፍሬን አለው፤ ስሙ የወጣለት ከዚያ ነው። ጋሼ ያን ፍሬን የሚረግጠው የባሰ ሲመጣ ብቻ ነበር። ሲረግጥም አይጮህም፣ አይቆጣም። መኪናው ቀጥ ሲል ወደ ተፈታኙ ዞር ይልና «አየኸው ልጄ? የሚያቋርጠው ሰውዬ አሁን መሬት ላይ ነበር» ይላል። ከዚያ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጫር አድርጎ «በል፣ ቀስ ብለህ መልሰን» ይለዋል። እሱ ጋ ወድቀው አመስግነውት የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ።

ቤታችን አንድ ነው። ምድር ቤቱ የእኔ ልብስ ስፌት ነው፣ እነሱ ከላይ ይኖራሉ። ምሳ የምንበላው ግን እታች፣ ጨርቅ በምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ በቤቱ ውስጥ ሰፊ የሚባለው እሱ ብቻ ስለሆነ። ጨርቁን ጠቅልዬ ወደ ጥግ እገፋዋለሁ፣ መቀሱንና መርፌውን አነሳለሁ፣ ሳህን ይቀርባል። ስለዚህ የማወራውን አብዛኛውን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ የቀረውን ጋሼ ራሱ ነግሮኛል።

እትዬ፣ ታላቅ እህቴ ማለቴ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። የምታስተምረው ኮምፒውተር ከምሳሌ የሚማርበትን ሂሳብ ነው። ማሽኑን የሚሠሩት ሌሎች ናቸው። ፎቶ ያሳዩታል፣ ቁጥር ያሳዩታል፣ እሱም ከዚያ ተምሮ አይቶት ስለማያውቀው ነገር ይፈርዳል። የእትዬ ሥራ «እሺ፣ ነገ ያላየው ነገር ሲመጣለት ምን ያህል ይታመናል?» ለሚለው ጥያቄ በሂሳብ መልስ መፈለግ ነው። ያንን መልስ እነሱ «ዋስትና» ይሉታል። ጋሼ ገና ሲተጫጩ ይህን ሰምቶ «ታዲያ ማሽኑ ከቀጠሮ ቢቀር አንቺ ልትታሰሪ ነው?» ብሏት ነበር።

ቀልዱ በሁለቱ መካከል እንዲህ ተጀምሮ ቀረ። የመጀመሪያ ጽሑፏ የታተመ ጊዜ ጋሼ ደስ ብሎት «ለመሆኑ ምን አረጋገጥሽ?» አላት።

«ማሽኑ ከመቶ ጊዜ ውስጥ ከመቶ ሠላሳ በላይ እንደማይሳሳት።»

ጋሼ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ከመቶ ውስጥ መቶ ሠላሳ ጊዜ የሚሳሳት ደግሞ ማን አለ?»

«ማንም የለም። ለዚህ ነው ዋስትናው እንከን የማይወጣለት!» አለችና ራሷ ሳቀች። ነገሩ እውነት ነበር። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ግን በጣም ሰፊ ልብስ ነው፣ ማንም ይለብሰዋል፣ ማንንም አይመጥንም። ጋሼ «ከእጅ አይሻል ዶማ» አለ። እትዬም አልተቀየመችም፤ ዓመታቷን ያሳለፈችው ያንን ሰፊ ልብስ በማጥበብ ነው።

ጋሼ ፈታኝ ከመሆኑ በፊት የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ወገቡን ሲያመው ነው ወደ ፈተና ግቢው የተዛወረው። ሶሉ ስስ የሆነ ጫማ ብቻ ያደርጋል፤ ፍሬኑን እግሩ እንዲያውቀው። የፈተናው መንገድ ደግሞ ለዓመታት አንድ ነበር። ከግቢው ይወጣል፣ አደባባዩን ይዞራል፣ ቁልቁለቱን ይወርድና በትምህርት ቤቱ በኩል ይመለሳል። የማሠልጠኛ አስተማሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ተማሪውን መንዳት ሳይሆን መንገዱን ያስጠኑት ነበር። «አረንጓዴው በር ጋ ስትደርስ ማርሽ ቀንስ፤ ፀጉር ቤቱ ጋ ስፖኪዮ እይ፤ ከዛፉ በፊት ፍሬቻ አሳይ።» አንድ ጊዜ የአረንጓዴው በር ባለቤት በሩን ሰማያዊ ቀባው። በማግስቱ ተፈታኞቹ አንድ በአንድ ማርሽ ሳይቀንሱ ቁልቁለቱን ወረዱት። ጋሼ እግሩ እስኪዝል ፍሬን ሲረግጥ ዋለ።

ምሳ ላይ ሲነግረን እትዬ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ይሄንኮ እኛ በየቀኑ ነው የምናየው! ማሽኑ ያሳየኸውን ሁሉ ይሸመድድና ጎበዝ ይመስልሃል። አዲስ ነገር ስታመጣለት ዓይኑን ያፈጣል።»

«እናንተ ታዲያ ምን ታደርጉታላችሁ?»

«ባላየው እንፈትነዋለን።»

«እኔ ምን አገባኝ፣ መንገዱን የመረጠው መሥሪያ ቤቱ ነው» አለና ምሳውን ቀጠለ። ነገሩ በዚያው ቀረ።

አንድ በጋ መጨረሻ ላይ አንዲት ነርስ ልትፈተን መጣች። ጋሼ ያን ቀን ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። «እንደ መንገደኛ ነው የወሰደችኝ፤ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሄጄ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተመለስኩ» አለን። በሩ ቢቀባ ባይቀባ ግድ የሌላት፣ መንገዱን ሳይሆን መኪናውን የምታውቅ ልጅ ናት አለ። አሳለፋት።

ብዙም ሳይቆይ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። የመጀመሪያ ዝናብ ክፉ ነው፤ በጋውን ሙሉ መንገዱ ላይ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ከውሃው ጋር ሲገናኝ አስፋልቱ ሳሙና ይሆናል። ነርሷ በተዋሰችው መኪና ከሥራ ስትመለስ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን አጥብቃ ያዘችው። ጎማው ተንሸራተተና መኪናው ዳቦ ቤት ግድግዳ ላይ ሄዶ ተለጠፈ። ሌላ ሰው አልተጎዳም። እሷ ግን ክንዷ ተሰበረ።

ወሬውን ያመጣችው የእኔ ደንበኛ ናት፤ ቀሚስ እያስለካች። ጋሼ በር ላይ ቆሞ ጃንጥላውን እያራገፈ ነበር። «የትኛዋ ነርስ?» አለ። ደንበኛዬ ስትነግረው ጃንጥላውን እንደያዘ ወደ ላይ ወጣ። ያን ቀን ምሳ አልበላም።

በሥራው ቦታ የወቀሰው የለም። ማን ይወቅሰዋል? ልጅቷ ደረቅ መንገድ ላይ በደንብ ነድታለች፣ መዝኗታል፣ አልፋለች። እሱ ግን ከዚያ በኋላ ሰው ማሳለፍ አቃተው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ ትንሿን ሁሉ ትልቅ አድርጎ ማየት ጀመረ። አንዱ መሪውን በአንድ እጁ ስለያዘ ወደቀ። ሌላዋ ስፖኪዮ ለማየት ዘግይታ ወደቀች። አንድ ያረጀ ውሻ መንገድ ሲያቋርጥ አቁሞ ያሳለፈን ሰው፣ ጋሼ «ቀድመህ ማየት ነበረብህ» ብሎ ጣለው። በግቢው «ሁለተኛው ፍሬን ዘንድሮ ተጣብቋል» የሚል ቀልድ ወጣ። ሰዎች በሩ ላይ ሲመዘገቡ መዝጋቢዋን «እባክሽ ከሌላ ፈታኝ ጋር አድርጊኝ» ይሉ ጀመር።

አለቃው የድሮ ባልንጀራው ነው፤ አውቶቡስም አብረው ነድተዋል። ቢሮው ጠርቶ አስቀመጠውና «አንተ ሰውዬ፣ አገሩ በሙሉ መንዳት ረሳ እንዴ?» አለው።

«አልረሳም።»

«ታዲያ ምን ሆነሃል?»

«የማሳልፈው ሰው ነገ ምን እንደሚያደርግ አላውቅማ።»

«ትናንትስ ታውቅ ነበር?»

አለቃው ትንሽ አሰበና «ለጊዜው የዓይን ምርመራው ጠረጴዛ ላይ ሁን። ፊደል አስነብብ፤ ፊደል ማንንም አይገጭም» አለው። በደግነት ነበር ያለው። ጋሼ ግን ቤት ሲገባ ትከሻው ወርዶ ነበር።

በማግስቱ ምሳ ላይ እትዬ «እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ወረቀት ስትፈርም ለልጅቷ ምን ቃል የገባህላት ይመስልሃል?» አለችው።

«እንደማትጋጭ ነዋ።»

«ይሄን ዓይነት ዋስትና የሚሰጥ የለም። እኛ ዘንድ እንኳ፣ ማሽኑ ብረት ሆኖ፣ ሂሳቡ ሂሳብ ሆኖ፣ የለም።» የእኔን ጠመኔ አነሳችና ባለ መስመሩን ጨርቅ ወደ ራሷ ሳበች። «እትዬ፣ የሰው ኮት ነው!» ብዬ ጮህኩ። ቁራጭ ጨርቅ አቀበልኳት።

«ዋስትና ብዙ ዓይነት ነው» አለች እየጫረች። «አንዱ የትዕግሥተኞች ነው። ምሳሌ ማሳየቱን ካላቋረጥክ ማሽኑ መጨረሻው ላይ ልክ ይሆናል ይላል። መቼ ብትለው አይናገርም።»

«ይሄማ ‹ውሎ አድሮ ትለምደዋለች› ማለት ነው። እስከዚያ ስንት ግድግዳ ይፍረስ?»

«አይናገርም አልኩህ እኮ። እኛ ግን ብዙውን ጊዜ የምንሰጠው ሌላ ነው። ይህን ያህል ምሳሌ አይቷል፣ ይህን ያህል ፈትነነዋል፣ ስለዚህ በአብዛኛው ልክ ይሆናል። ጥቂት ይስታል፤ ምን ያህል እንደሚስት ግን ጣሪያውን እንነግርሃለን። ደግሞ እኛም ራሳችን በናሙናው ተታለን ሊሆን ይችላል፤ ዕድሉ ጠባብ ነው እንጂ ዜሮ አይደለም። ሁለት ‹ምናልባት› አለበት ማለት ነው፤ አንዱ በማሽኑ ላይ፣ አንዱ በፈታኙ ላይ።»

«ሁለት ምናልባት ያለበት ነገር ምኑን ዋስትና ሆነ?»

«ልኩ የታወቀ ምናልባት ነዋ! ልኩ ካልታወቀው ይሻላል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ከጣቃ ጨርቅ ላይ ቁራጭ ቆርጠሽ ውሃ ውስጥ ትነክሪ የለ? ይሸበሸብ እንደሆነ፣ ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ?»

«እነክራለሁ።»

«ቁራጩ ካልተሸበሸበ ጣቃው በሙሉ አይሸበሸብም ትያለሽ። መቼ ነው ይሄ የማይሠራው?»

«ነጋዴው ከሌላ ጣቃ ከቀጠለበት ነው» አልኳት። ደርሶብኝ ስለሚያውቅ ለመመለስ አልቸገረኝም።

«ይኸው! የእኛም ዋስትና ከሥሩ አንድ ‹ከሆነ› አለው። ነገ የሚመጣው ትናንት ከመጣው ጣቃ ከሆነ። ጣቃው ከተቀየረ እኔ ምንም አላልኩም። ልጅቷን የፈተንካት በደረቁ ነው። ዝናቡ ሌላ ጣቃ ነው።»

ጋሼ ሳህኑን ገፋ አደረገው። «ለክፉ ቀን የሚሆን ዋስትናስ የላችሁም? ዝናብም መጣ፣ በረዶም መጣ፣ ምንም መጣ?»

«አለ። ግን ያስከፍላል። ክፉውን ሁሉ የሚፈራ ማሽን አንዳንዴ ከሁሉ ቀሎ የሚያገኘው ለሁሉም ‹አይሆንም› ማለትን ነው። አንተ አሁን እያደረግክ ያለኸው ይህንኑ ነው። ማንንም የማያሳልፍ ፈታኝ ያሳለፈው ሰው ማንንም አይገጭም። ትክክል ነው፤ ግን ነርስ ወደ ሥራዋ፣ ሰው ወደ ታመመ ዘመዱ በምን ይሂድ?»

ያን ጊዜ ጋሼ ተነሳ። «ልጅቷ ክንዷ ተሰብሯል። አንቺ ጣቃና ሂሳብ ታወሪልኛለሽ» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። እትዬ ጠመኔውን አስቀመጠች። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠራረገችና «ልክ ነህ። ይቅርታ» አለች። ሁለቱ ለጥቂት ቀን በጣም ትሑት ሆነው ሰነበቱ፤ ባልና ሚስት ሲከፋፉ የሚሆኑት ዓይነት ትሕትና ነው። «እባክሽ ጨው አቀብይኝ፤» «ይኸው፤» «እግዜር ይስጥሽ።» እኔ ሳቄን የማደርግበት አጣሁ።

ከነርሷ ጋር ያገናኘን ክንዷ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ነጭ ገዋኗን ይዛ መጣችና ጄሶው እንዲያስገባ እጅጌውን ተርትሬ በቁልፍ የሚያያዝ አድርጌ እንድሠራው ጠየቀችኝ። የማን እንደሆነ ስሰማ ሥራውን ወዲያው ጨረስኩት። ከዚያ ጋሼን «አብረን እናድርስላት» አልኩት። መጀመሪያ እምቢ አለ። ቆይቶ ስሱን ጫማውን አድርጎ መጣ።

የተከራየችው ክፍል ከደረጃው ሥር ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ፣ መስኮቱ ላይ ልብስ የተሰጣበት ገመድ። ጋሼን ስታይ በግራ እጇ ፀጉሯን አስተካከለችና «ጋሼ! እርስዎ ነዎት?» ብላ ወንበሩን ለቀቀች። እሷ አልጋው ላይ ተቀመጠች፣ እኔ ከጎኗ። ጋሼ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ ያሳለፍኩሽ» አለ በመጨረሻ።

«አዎ። ጥሩ አድርገው ፈትነውኛል።»

«ዝናብ ላይ አልፈተንኩሽም።»

«ዝናብ አልነበረማ!» አለች፤ ፈገግ ብላ። «ጋሼ፣ የነዳሁት እኔ ነኝ። ይህን ጥፋት ተካፍለው ሊወስዱብኝ ነው የመጡት?» ከዚያ ግን ፈገግታዋ ቀረና መሬቱን እያየች ቀጠለች። «አንድ ነገር ልንገርዎት። ፈተናውን ከማለፌ በፊት ዝናብ ሲጥል እፈራ ነበር። የማሠልጠኛው መኪና ውስጥ ሆኜ እንኳ ደመና ካየሁ ቀስ እላለሁ። ሲያሳልፉኝ ግን ፍርሃቴ ተወኝ። መንገዱን ሁሉ የፈቀዱልኝ መሰለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አይደል የሚባለው? እኔ ሞኝም ሆኜ ወረቀትም ይዤ ነበር።»

ጎረቤት ራዲዮ ይሰማል። ከዚያ ነርሷ ራሷ «ለመሆኑ እርጥብ ላይ እንዴት ነው የሚያዘው?» አለችው።

ያን ጊዜ ጋሼ ወደ ራሱ ተመለሰ። የመድኃኒት ብልቃጥ የተቀመጠበትን ሰሃን ለመነ፣ የትንሿን ጠረጴዛ ፊት በውሃ አራሰ፣ ሰሃኑን በጣቱ እየገፋ ማሳየት ጀመረ። «ይሄውልሽ፣ ፍሬኑን ድርቅ አድርገሽ ከያዝሽው ጎማው መዞር ያቆማል፤ መዞር ያቆመ ጎማ መሪ አይሰማም። ቀድመሽ፣ ከሩቁ ነው ፍጥነት የምትቀንሺው። ማርሽ ቀንሺ፣ ሞተሩ ራሱ ይይዝልሻል። ከፊትሽ ካለው መኪና የበፊቱን እጥፍ ራቂ።» እሷ በደህናው እጇ ሰሃኑን ተቀብላ ሞከረች። ሰሃኑ ከጠረጴዛው ወድቆ ተሰበረ። ሦስታችንም ደንግጠን ቆየንና ሳቅን።

ወደ ቤት ስንመለስ እትዬ ሱቁ ውስጥ የተማሪዎቿን ጽሑፍ እያረመች ነበር። ጋሼ አጠገቧ ተቀመጠና ያለ ምንም መግቢያ «ያቺ ልጅ አንቺ ያልሽውን ነው ያለችው» አላት። የሆነውን ነገራት። «ዋስትናው አይደለም የበደላት። ከሥሩ ያለውን ‹ከሆነ› ማንም አለመንገሩ ነው።»

እትዬ አልተመጻደቀችም። መነጽሯን አውልቃ «እኛም ብዙውን ጊዜ በትንንሽ ፊደል ነው የምንጽፈው» አለች። ቆየት ብላ «ያን ቀን አንድ ዓይነት ዋስትና ሳልነግርህ ነው የተነሳኸው። እኔ የምወደው እሱን ነው» አለችው።

«ንገሪኝ።»

«አንዳንድ ማሽን ተምሮ ጨርሶ ሥራ አይጀምርም፤ እየሠራ ነው የሚማረው። በየቀኑ ይፈርዳል፣ በየቀኑ ይሳሳታል፣ ማታ ስህተቱ ይነገረዋል። እሱ ‹አልሳሳትም› ብሎ ዋስትና አይሰጥም። የሚለው ‹ውሎዬ ሁሉ ተደምሮ ሲታይ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንዱን ጥሩ ደንብ ይዞ ከዘለቀ ሰው ብዙ አልርቅም› ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ጸጸት ብለን ነው የምንጠራው።»

ጋሼ ቀና አለ። «ጸጸት? የእኛው ጸጸት?»

«ስሙ እሱው ነው።»

«እና ጸጸትም ይለካል?»

«ይለካል። ጨርሶ አይጠፋም። ግን በየቀኑ ሲካፈል እያደር ማነስ አለበት። ካላነሰ መማር አቁመሃል ማለት ነው።»

የጋሼን ፊት አየሁት፤ ከባድ ዕቃ ተሸክሞ ቆይቶ አንድ ሰው ጫፉን የያዘለት ይመስል ነበር።

ጠዋት አለቃው ዘንድ ሄዶ ወደ መኪናው እንዲመልሰው ጠየቀ። ከዚያም አልፎ፣ የፈተናው መንገድ አንድ መሆኑ ይቅር አለ። ጥቂት መንገዶች ይመረጡና ተፈታኙ መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ ዕጣ ያውጣ። አለቃው «ማሠልጠኛዎቹ ይገድሉኛል» አለ። እውነትም ማሠልጠኛዎቹ ተንጫጩ፤ አንዱ ባለቤት «ተማሪው ያልተማረበትን መንገድ እንዴት ይፈተናል?» ብሎ ቢሮ ድረስ መጣ። ጋሼ «ወንድሜ፣ ፈቃዱን ካገኘ በኋላ ባልተማረበት መንገድ ሊሄድ አይደል?» አለው። ሰውዬው «እሱማ የራሱ ጉዳይ ነው» ብሎ ወጣ። በመጨረሻ አለቃው ግማሹን ፈቀደ፤ ዕጣው ይሁን፣ መንገዶቹ ግን ከሠፈሩ አይውጡ።

ጋሼ ሰው ማሳለፍ እንደገና ጀመረ። ወረቀቱን ሲሰጥ ግን ዝም ብሎ አይሰጥም። ጫፉን እንደያዘ «ስማኝ ልጄ። እኔ ያየሁህ በደረቅ መንገድ፣ በቀን ብርሃን፣ ቀስ ብለህ ስትሄድ ነው። በዚህ ጥሩ ነህ። ዝናብ ላይ አላየሁህም፤ ጨለማ ላይ አላየሁህም፤ ስትናደድ አላየሁህም። እዚያ አዲስ ነህ፣ እንደ አዲስ ሁን» ይላል። ጫፉን የሚለቀው ይህን ጨርሶ ነው። አንዳንዱ ወረቀቱን እየሳበ «እሺ፣ እሺ ጋሼ» ብሎ ይሮጣል። አንዷ «አሳለፍከኝ ነው ወይስ ረገምከኝ?» ብላዋለች። ቆም ብለው የሚሰሙትም ነበሩ።

በዚያው ሰሞን እትዬም የራሷ ነገር ገጠማት። የውሃ መሥሪያ ቤት የትኛው ቧንቧ ሊፈነዳ እንደሆነ ቀድሞ የሚናገር ማሽን አሠርቶ ነበር። ኃላፊው እትዬን አስጠርቶ «ዋስትና አለው ብለው ይፈርሙልን» አላት። እሷ ማሽኑ የተማረው ከድሮዎቹ የብረት ቧንቧዎች ብቻ መሆኑን አይታ፣ በብረቱ ላይ ምን ያህል እንደሚታመን፣ በአዲሶቹ የፕላስቲክ ቧንቧዎች ላይ ግን ምንም ማለት እንደማትችል ጻፈች። ይህንንም ከላይ፣ በትልቁ ነው የጻፈችው። ኃላፊው አነበበና «መምህርት፣ እኛ የጠየቅነው አንድ ቃል ነበር» አላት። ከዚያ ሌላ ሰው ፈልገው አስፈረሙ። እውነቱን ለመናገር ማሽኑ እስካሁን በፕላስቲኩም ላይ ደህና እየሠራ ነው። ሰዎች ይህን ሲነግሯት እትዬ «ደስ ይላል» ትላለች፤ ከልቧ ነው። «ግን እኔ ያን ጊዜ ላውቀው አልችልም ነበር።»

ጋሼ አንድ ጊዜ የእሱ ንግግር ጠቅሞ እንደሆነ እንድታሰላለት ለመናት። ከትራፊክ ፖሊስ ጠያይቆ፣ እሱ ካሳለፋቸው ስንቱ በዝናብ እንደተጋጩ አጣርቶ መጥቶ ነበር። እትዬ አየችው፣ ደጋግማ አየችው፣ መለሰችለት።

«ቀንሷል አይደል?» አላት።

«ቀንሷል። ግን ጥቂት ናቸው። ዘንድሮ ዝናቡም ሳስቶ ነበር። ከዚህ ተነስቼ ‹በአንተ ምክንያት ነው› ብል እዋሻለሁ።»

«ለባልሽ እንኳ አትዋሺም?»

«ለባሌማ ጨርሶ።»

ትንሽ ቅር አለው። ከዚያ «እሺ፣ ይሁን» ብሎ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

ነርሷ ክንዷ ድኖ ብዙ ወር መንዳት አልፈለገችም። በኋላ ጋሼ በዝናብ ቀን፣ ባዶው የገበያ ሜዳ ላይ፣ ጥቂት ጊዜ ይዟት ወጣ። እኔም አንድ ጊዜ ኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ፤ የፊቱን ወንበር ሙጭጭ አድርጌ ይዤ። አሁን ትነዳለች። ግን ዝናብ ሲከፋ መኪናዋን ዳር ይዛ አቁማ እስኪያባራ የምትጠብቅ ሆናለች። ከኋላዋ ያለው ቢጮህ፣ ክላክስ ቢነፋ፣ ግድ የላትም።

ጋሼ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። በቦታው የመጣችው ፈታኝ ወጣት ሴት ናት፤ ቀልጣፋ፣ ድምፀ ጉልህ። ዕጣውን አስቀጥላለች። የጋሼን ንግግር ግን አስቀርታ፣ ተፈታኙ ራሱ ነድቶ የማያውቅበትን ሁኔታ አንድ በአንድ እንዲነግራት ትጠይቃለች፤ ካልተናገረ ወረቀቱን አትሰጥም። ጋሼ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ከንፈሩን ነከሰ። አንድ ቀን ግን ግቢው አጥር ጋ ቆሞ ስትሠራ አያት። አንድ ጎረምሳ ጣቶቹን እያጠፈ «ጭጋግ ላይ ነድቼ አላውቅም፤ ጭነት ይዤ ነድቼ አላውቅም፤ እናቴን አሳፍሬ ነድቼ አላውቅም» ሲላት ሰማ።

ቤት መጥቶ ይህን ሲነግረን ይስቅ ነበር። «እናትን አሳፍሮ መንዳትን እንኳ እኔ አላሰብኩትም ነበር» አለ፤ እና ምሳ ቀረበ።